በእማዬ ሻርፕ የተጠቀለለ ድምፅ

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ያ ሲጠዘጥዝሽ የነበረው ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም በአንድ ጎን ነው የምታኝኪው? ትንሿስ እንዴት ናት? ወንድማችን ፎቶዋን አሳይቶኝ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንቺን መሰለችኝ። ባለቤትሽንም ሰላም በዪልኝ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር የለብኝም። የያዘኝ ነገር ሐኪም የሚያየው ዓይነት ስላልሆነ እየቆየሁ እነግርሻለሁ።

በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። እማዬ የእጅ ጽሑፌን «ዶሮ የጫረችው» ትለው እንደነበር ታስታውሻለሽ። እስከ ዛሬም አልተሻሻለም። ግን ከእንግዲህ በስሜ የሚደርስሽን ነገር ሁሉ ከማን መጣ እያልሽ ስትጠራጠሪ እንዳትኖሪ፣ ቢያንስ ይህ አንዱ ከራሴ እጅ መውጣቱን እንድታውቂ ፈለግሁ። ዶሮ የጫረችውን አስመስሎ የሚጽፍ ሌባ ገና አልተፈጠረም።

ወንድማችን፣ ያው ለሁሉም ነገር «ይሆናል» ስለሚል አቶ ይሆናል የምንለው፣ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። «እማዬ አልጋ ላይ ሆና የአንቺን ድምፅ ስትጠብቅ የት ነበርሽ?» የሚለው ከስልኬ የደረሰሽ መልእክት የሌባ ሥራ መሆኑን እንደ ነገረሽ አወራኝ። አንቺም አልቅሰሽ፣ «እኔ እኮ ሳነበው አውቄዋለሁ፤ የኔ እህት እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አይወጣም» አልሽ አለኝ። እሱ ደስ ብሎታል። ነገሩ በዚህ አለቀ፣ አሁን ተደዋወሉና ተሳሳቁ ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን አልደወልኩም። ስንት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ መልሼ እንደተውኩት ፈጣሪ ያውቃል። ድምፅሽን ከሰማሁ የምለውን ሁሉ እንደምውጠው ስለማውቅ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ታሪኩን ከመነሻው ልንገርሽ። መነሻው አንቺ በእጅሽ የሰጠሽኝ ሃርድ ዲስክ ነው። እማዬን አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ያስወራሻት ሁሉ እዚያ ላይ ነበር፤ ልጅነቷ፣ የሠርጓ ዕለት የጣለው ዝናብ፣ አባባ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ቁም ሣጥን። ስልክሽን አውቶቡስ ውስጥ የነጠቁሽ ጊዜ እንኳ፣ እንኳንም ዲስኩ ላይ ገልብጬው ነበር ብለሽ ተጽናናሽ። እኔም በስልኬ የቀዳሁትን ጥቂት ነገር ቦታ እንዳይዝብኝ ወደዚያው አዛወርኩት። የእማዬን ስልክ ደግሞ ከሞተች በኋላ ውስጡን አጽድቼ ለአክስታችን ሰጠኋት፤ ሁሉም ዲስኩ ላይ አለ ብዬ። ስለዚህ የእማዬ ድምፅ በዓለም ላይ የነበረው እዚያ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር።

ዲስኩን ሰጥተሽኝ ስትሄጂ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱ ከቤት ውጪ ይቀመጥ አልሽኝ። እኔም ከነከነኝ። ለኔ ነው ይህ የሚነገረኝ አልኩ በሆዴ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያለፈው፣ የወደቀው፣ ያቋረጠው ልጅ ሁሉ ውጤቱ በእጄ ነው። አርብ አርብ ሥራ ሳልጨርስ ሁሉንም ሁለት ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። አንዱን ብረት ካቢኔው ውስጥ እቆልፍበታለሁ፤ ሌላውን ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቤታቸው ይወስዱታል፤ ቢሮው ቢቃጠል እንኳ የልጆቹ ውጤት እንዲተርፍ። መምህራኑ ፍላሻቸውን ሳልመረምር ኮምፒውተሬ ላይ ስለማላሰካቸው የፍላሽ ፖሊስ የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከወንበሬ ራስጌ ደግሞ በትልልቅ ፊደል ጽፌ የለጠፍኩት ማስታወቂያ አለ። የማያውቁትን አይክፈቱ፣ በስልክዎ የሚመጣን ቁጥር ለማንም አይስጡ ይላል።

ለሰው ልጆች ውጤት ይህን ሁሉ የማደርግ ሴትዮ ለእናቴ ድምፅ ምን አደረግሁ መሰለሽ? በሻርፗ ጠቀለልኩት። ያቺን ሰማያዊ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባትን ሻርፕ ታውቂያታለሽ። የእማዬ ድምፅ በእማዬ ሻርፕ ውስጥ ይደር ብዬ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ለእንግዳ ከማናወጣቸው ብርጭቆዎች ጎን አስቀመጥኩት። ሳስቀምጠው ዕንባዬ መጥቶ ነበር፤ ትልቅ ነገር የሠራሁ መስሎኝ። ቅጂውን ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት። ቅጂ የሚደረገው ለወረቀት ለቁጥር እንጂ ለእናት ነው እንዴ የሚል ሞኝነትም ሳይኖርብኝ አልቀረም።

ሻርፗ እስካሁን እሷን እሷን ትሸታለች። የዚያ የጸጉር ቅባቷ ሽታ። አልፎ አልፎ ሲከፋኝ አውርጄ አሸታታለሁ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ታዲያ አንድ እሑድ ጠዋት ቤት ሳጸዳ ብርጭቆዎቹን አየሁና እማዬ ትዝ አለችኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ የሻርፗን ጫፍ ሳብ አደረግሁ። ውስጧ ዲስክ መኖሩን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው ሽታዋን ነበር። አንድ ነገር ከጨርቁ ተንሸራቶ ጆሮዬ ስር አለፈና ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ብርጭቆ እንኳ ቢወድቅ ከዚያ ይበልጥ ይጮህ ነበር።

አንስቼ በቀሚሴ ጠረግሁት፤ አንድም ጭረት የለውም። ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል። ነቅዬ ሰካሁት። በሌላ ገመድ ሞከርኩት። ጎረቤት ወስጄ ሞከርኩት። በነጋታው ጥገና ቤት ስወስደው፣ ያ ወሬኛ ጠጋኝ ሦስት ስልክ በአንዴ እያነጋገረ ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ውስጡ ያለችው መርፌ ተሰብራለች፤ በተሰካ ቁጥር ሳህኑን ትቧጭረዋለች አለኝ። ስንት ጊዜ ሞከርሽው ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አልኩት፣ ዐይኔን ሳላሽ። ከእንግዲህ አትንኪው፣ ውጭ አገር አቧራ በማይገባበት ክፍል የሚከፍቱት ሰዎች አሉ፣ እነሱም ይሳካላቸዋል ብዬ አልምልልሽም ብሎ መለሰልኝ። ወደ ቤት ወስጄ እንደገና በሻርፗ ጠቀለልኩት። ሌላ የማውቀው መላ አልነበረኝም።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ አንቺ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሽውን የጠየቅሽኝ በዚያው ሰሞን ነው። ድምፅዋ ከጆሮዬ እየራቀ ነው፣ ትንሿም አያቴ እንዴት ነበር የምታወራው እያለች ታስቸግረኛለች፣ አንዱን እንኳ ላኪልኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ኔትወርኩ ደካማ ነው አልኩሽ። እንደገና ጻፍሽ። ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል አልኩሽ። ቆየት ብለሽ በትሕትና ደግመሽ ስትጠይቂኝ የፈተና ሰሞን ነው፣ ፋታ የለኝም አልኩ። እህቴ፣ ሦስቱም ውሸት ነበር። እውነቱን ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር? ምንም አትይኝም ነበር፤ አውቅሻለሁ። እኔን ያስፈራኝም እሱው ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ የቆምሽው፣ ሁለት ቅጂ ያልሽኝ፣ ያ ሁሉ ፊቴ ላይ ይመጣል።

ማክሰኞ ዕለት «ጠፋ እንዴ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሁለት ቃል ብቻ። የምሳ ዕቃዬን ልከፍት ስል ነበር የደረሰኝ። ፊቴ ጋለ። በልጅነታችን ጥፋቴን ስታውቂብኝ ጸጉርሽን የምጎትተው ነገር ትዝ ይልሻል? ጥፋተኛዋ እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ። የምሳ ዕቃውን ሳልከፍት ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ። ስልኬንም ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና እስከ ማታ አላወጣሁትም።

ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ነበር። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምፅዋን ካገኘሁልሽ ሁሉም ነገር ይስተካከላል የሚል ሐሳብ ይዞኝ፣ የተበላሸ ዲስክ ስለ ማዳን በቢሮው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ገጽ አገኘሁ። የጠፋብዎትን ፋይል ከቤትዎ ሳይወጡ በደቂቃዎች እንመልሳለን ይላል። አንዲት ሴት ፎቶ አቅፋ ስታለቅስ ያሳያል። እኔኑ መሰለችኝ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለኔ ነው የተተረተው። አንድ ነገር አውርጂ አለኝ፣ አወረድኩ። «ስልክ ቁጥርሽን አስገቢ» አለኝ፣ የራሴን አስገባሁ። ስልኬ ላይ ቁጥር መጣ። እሱንም አስገቢ አለኝ። ቀና ብዬ ባይ ኖሮ ማስታወቂያዬ ከራስጌዬ አለ፣ በገዛ እጄ የለጠፍኩት። ቀና አላልኩም። አስገባሁት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስልኬ ከአካውንቴ ሲያስወጣኝ ኔትወርክ መስሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ሰው ሁሉ አውቆት ነበር። ሌባው ስልኬ ላይ ላለ ሰው በሙሉ፣ ለአክስታችንም፣ ለጸጉር ሠሪዬም፣ ለዳቦ ቤቱም ያንኑ አንድ ነገር ልኳል። «ይህ ፎቶ ላይ ያለኸው አንተ ነህ? ክፈተው» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለው። ከዚህ ሌላ ለማንም አንድ ቃል አልጨመረም። አክስታችን አንተ መባሏ ነው የከነከናት። ርዕሰ መምህሩ፣ እኚያ ሲስቁ ታይተው የማይታወቁት ሰውዬ፣ ስልካቸውን እንደ ተበላሸ ዕቃ ዘርግተው ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙና እኔ በምን ፎቶ ላይ ነው የታየሁት ብለው በጨዋ ደንብ ጠየቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። በነጋታው ስገባ ማስታወቂያዬ ሥር አንዱ መምህር በእርሳስ «ከለጣፊዋ በቀር» ብሎ ጨምሮበታል። አላጠፋሁትም። እስካሁን አለ።

በጎረቤት ስልክ ለወንድማችን ደውዬ አካውንቴ መሰረቁን ነገርኩት። ከስልኬ የሚመጣ ነገር እንዳይከፍት፣ ለሌሎቹም እንዲያስጠነቅቅ ነበር የደወልኩት። እሱ ደግሞ አንቺ ያ «የት ነበርሽ» የሚለው መልእክት ደርሶሽ አልቅሰሽ እንደነገርሽው አነሳብኝ። ታዲያ ለታናሻችን የተጻፈውም የዚሁ ሌባ ሥራ ነዋ ብሎ ጠየቀኝ። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማለች፤ ስልኩ የሰው ነው። ይሆናል አልኩት። የእሱኑ ቃል ተውሼ።

የቢሮው ኮምፒውተር ከመስመር ተነቀለ። ያወረድኩት ነገር ቫይረስ ኖሮ ፋይሎቹን እየቆለፈ ነበርና ባለሙያ መጥቶ ውስጡን ሙልጭ አድርጎ አጠበው፤ ከዚያም ካቢኔው ውስጥ ከነበሩት ከአርብ ቅጂዎቼ ሁሉንም መለሰው። የአንድ ልጅ አንዲት ነጥብ እንኳ አልጠፋችም። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ሁለት ቦታ ማስቀመጤን አመሰገኑ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ፤ እኔ ግን ጠረጴዛውን ነበር የማየው። የማላውቃቸው ልጆች ውጤት ሁለት ቤት ያድራል፤ የእናቴ ድምፅ ግን ቁም ሣጥን አናት ላይ ብቻውን ነበር። አካውንቴም በብዙ ልመና ተመለሰልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አሁን የይለፍ ቃሌን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ድሮ ለሁሉም የእማዬ ስም ነበር።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ፤ ይህ ደብዳቤ አንድ ደስታ አለውና። ባለሙያው የድሮ ቅጂዎቹን ሲፈትሽ በአንደኛው ውስጥ የውጤት ያልሆነ ነገር አገኘ። ለካ አንድ ቀን ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቼው ኖሮ፣ የቅጂው ፕሮግራም የልጆቹን ውጤት ሲገለብጥ የስልኬንም ይዞ ሄዷል። ባለሙያው ምን እንደሆነ ሊያይ ከፍቶት፣ እትዬ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት እናት እየተቆጡ ነው ብሎ ጠራኝ። ገና ከበሩ አወቅኋት። እማዬ መዝገብ ቤቴ ውስጥ፣ በካቢኔዎቹ መሃል፣ ያንን ነገር ዝጊው፣ ድስቱ እያረረ ነው ትላለች። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሙያው ግራ ገብቶት ውሃ አመጣልኝ።

የተረፈው ያ አንድ ብቻ ነው። አጭር ነው። ሠርግም ዝናብም የለበትም። እኔ ድስቱን ካወረድኩ በኋላ፣ «ስልኩን አቀብይኝ፣ የሚጣ ሰዓት ደረሰ» ትላለች። ሚጣ የምትለው አንቺን ነው፤ እስከ መጨረሻው ሌላ ስም አልጠራችሽም። እኔ፣ ዛሬ እንኳ ሥራ ይበዛባታል፣ አትደውልም እላለሁ። ድምፄ ምን እንደሚመስል ስትሰሚው ታውቂዋለሽ። እሷ ትስቅና፣ «አንቺ ደግሞ፣ የሚጣ ሰዓት አምልጦኝ ያውቃል እንዴ? አንድ ቀን እንኳ አጉድላ ታውቃለች?» ትለኛለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ትንፋሿ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ስልኩ ይጮሃል። ያ አንቺ ነሽ። መቅጃውን የዘጋሁት እዚያ ላይ ነው።

ሦስት ቅጂ አድርጌዋለሁ። አንዱ ወንድማችን ጋ ነው። አንዱን ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከአርቡ ዲስክ ጋር ቤታቸው ወስደውልኛል፤ ምንድነው ብለው አልጠየቁኝም። ሦስተኛው ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ በአክስታችን ልጅ እጅ ያለው ፍላሽ ነው። ሻርፗንም ልኬልሻለሁ፤ በሌላ ፌስታል፣ ለብቻዋ። ፍላሹን በእሷ እንዳትጠቀልዪው። አንቺም የራስሽን ቅጂ አድርጊ ልልሽ ነበር፤ እኔ ይህን ለመናገር አፍ የለኝም። ዲስኩ ደግሞ እዚሁ አለ። አቧራ የማይገባበት ክፍል ይላክ ካልሽ እልከዋለሁ፤ ውሳኔው ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እየዞርኩ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ለሌባ አዝኜ አላውቅም፤ ሰው አዋርዶኛል፣ አክስቴን አንተ ብሏል። ግን አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሌባው የገባው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነው። ለሁሉም የላከው ያንን የፎቶ ነገር ብቻ ነው። እማዬ አልጋ ላይ መሆኗን የሚያውቅ አይመስለኝም። ስልክሽ ላይ ያ መልእክት ካለ፣ ካላጠፋሽው፣ የደረሰሽን ቀን እዪው። ከዚያ በኋላ የምትዪኝን ሁሉ በይኝ። ምንም ባትዪኝም ይገባኛል፤ ብቻ ለወንድማችን ያልሽውን፣ የኔ እህት ከአፏ አይወጣም ያልሽውን፣ ሳታዪው አትድገሚልኝ።

ለትንሿ መጀመሪያ ድስቱን አሰሚያት፤ እንደምትስቅ አውቃለሁ። የስልኩን ጩኸት ስትሰማ ማን ነው የደወለው ካለችሽ ንገሪያት።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የጎደለብሽን ይሙላልሽ፤ እኔ ያጎደልኩብሽንም ጭምር። ማታ ማታ በሚጣ ሰዓት ስልኬን ገልብጬ አላስቀምጠውም።

ታላቅሽ